ሥልጠናው ተሰጥቷል፤ ሥራውስ ተለውጧል?

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከምናዘጋጃቸው የዕቅድ ክንውን ሪፖርቶች ከማይጠፉት ዐረፍተ ነገሮች አንዱ «በበጀት ዓመቱ ለይህን ያህል ሠራተኞች የአቅም ግንባታ ሥልጠና ተሰጥቷል» የሚለው ነው። ከጎኑ የዕቅዱ ቁጥር፣ ቀጥሎ የክንውኑ ቁጥር፣ በመጨረሻም መቶኛው ይሰፍራል፤ መቶኛው ብዙውን ጊዜ ከዘጠና በላይ ነው። ይህን ሰንጠረዥ የሚያነብ የበላይ ኃላፊ ስንት ሰው አዳራሽ ገብቶ እንደወጣ ያውቃል፤ ከአዳራሹ የወጣው ሰው በማግስቱ ሥራው ላይ ምን እንደለወጠ የሚነግረው ዓምድ ግን አያገኝም። በጤናው ዘርፍ የሥራ ላይ ሥልጠናዎችን በማስተባበር ያሳለፍኳቸው ዓመታት አንድ አቋም አስይዘውኛል፤ ሥልጠና ከመሰጠቱ በፊት በመዝገብ ላይ የሚታይ አንድ የሥራ ውጤት ካልተመረጠለት፣ ለዚያ ውጤት መለወጥ ስሙን የሚያስመዘግብ የሥራ ክፍል ኃላፊም ካልተገኘ፣ ሥልጠናው ባይሰጥ ይሻላል።

ሥልጠና የሚበዛበት ወቅት ራሱ ብዙ ይናገራል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የከረመው የሥልጠና በጀት በግንቦትና በሰኔ ይነቃል፤ የአዳማ፣ የቢሾፍቱና የሐዋሳ የሆቴል አዳራሾች በእነዚህ ሁለት ወራት የሚጨናነቁት የሠራተኛው የዕውቀት ክፍተት ክረምት ሲቃረብ ስለሚሰፋ አይደለም። ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሲባል «የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ» የሚባለው ሰነድ አዳራሹ ከተያዘ በኋላ ሲጻፍም አይቻለሁ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ የግምገማ ቅጽ ይታደላል። አዳራሹ ምቹ ነበር ወይ፣ ሻይ ቡናው በሰዓቱ ቀርቧል ወይ፣ አሠልጣኙ ርእሰ ጉዳዩን ያውቀዋል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ከ«በጣም ጥሩ» እስከ «ዝቅተኛ» በተደረደሩ ሳጥኖች ይመለሳሉ። አበል ለመፈረም ተራ የሚጠብቅ ሠልጣኝ «ዝቅተኛ» የሚለው ላይ ምልክት ሲያደርግ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶናልድ ከርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 የሥልጠናን ግምገማ በአራት ደረጃ ከፍለው ጽፈው ነበር። የመጀመሪያው ሠልጣኙ ስለ ሥልጠናው ያለው ስሜት ነው፤ ሁለተኛው የተማረው ነገር፣ ሦስተኛው ሥራው ላይ ሲመለስ የሚያሳየው የአሠራር ለውጥ፣ አራተኛው ደግሞ ለተቋሙ የተገኘው ውጤት ነው። እነዚህን ደረጃዎች በቃሉ የማይወጣ የሥልጠና ባለሙያ የለም ማለት ይቻላል፤ በተግባር ግን የምንለካው አንደኛውንና፣ ቅድመና ድኅረ ሥልጠና ፈተና ስንሰጥ፣ ሁለተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልካም ከሆኑ ቀሪዎቹ በራሳቸው ይከተላሉ ብለን እናምናለን። ይህ እምነት መሠረቱ የላላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አጠቃሎ የወጣ ትንተና እንዳሳየው፣ ሠልጣኙ ሥልጠናውን በመውደዱና በሥራ ላይ በመተግበሩ መካከል ያለው ዝምድና ከምንም የማይቆጠር ነው፤ «ይህ ለሥራዬ ይጠቅመኛል» የሚለው ግምቱ እንኳ የሚሻለው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ቅጹን መተው ካልተቻለ ቢያንስ የሻይ ቡናውን ጥያቄ አውጥቶ «ከሰኞ ጀምሮ የትኛውን ሥራህን በምን መልኩ ትለውጣለህ? የሚያግድህስ ማን ወይም ምንድን ነው?» የሚሉትን ማስገባት ይቻላል።

በመማርና በመሥራት መካከል ያለውን ርቀት ከሃይዶም ሆስፒታል ታሪክ አብልጦ ያሳየኝ ምሳሌ የለም። ሃይዶም በሰሜናዊ ታንዛንያ፣ ከትልልቅ ከተሞች ርቆ የሚገኝ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና አጋሮቹ «ሔልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» የተባለውን፣ ሲወለዱ መተንፈስ ያልጀመሩ ሕፃናትን ለመርዳት የተዘጋጀውን ሥልጠና ይፋ ባደረጉበት ዓመት የሆስፒታሉ ሠራተኞች የአንድ ቀን ኮርሱን ወሰዱ። ትምህርቱ ቀላልና ግልጽ ነው። ሕፃኑን ማድረቅ፣ ጀርባውን በማሸት ማነቃቃት፣ ካስፈለገ የአየር መተላለፊያውን መጥረግ፣ አሁንም ካልተነፈሰ «ወርቃማዋ ደቂቃ» የምትባለው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳታልፍ በባግና በማስክ፣ ማለትም ፊት ላይ በሚገጠም ጭንብልና በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት፣ አየር መስጠት። ልምምዱም የተወለደ ሕፃን በሚያክል አሻንጉሊት ላይ ነው።

ከሰባት ወር በኋላ ሠራተኞቹ በአሻንጉሊቱ ላይ ተፈተኑ፤ ውጤቱም ማንኛውም አሠልጣኝ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚያሰፍረው ዓይነት ነበር። መደበኛውን የሕፃን እንክብካቤ በብቃት የፈጸሙት ከ41 ወደ 74 በመቶ፣ ሕፃኑን ወደ እስትንፋስ የመመለሱን ተግባር በብቃት የፈጸሙት ደግሞ ከ18 ወደ 74 በመቶ አደጉ። በእኛ ልማድ ጉዳዩ እዚህ ላይ ይዘጋል፤ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ «ሥልጠናው ስኬታማ ነበር» ተብሎ ይጻፋል።

ሃይዶም ላይ ግን አንድ የተለየ ነገር ነበር። ከሥልጠናው ቀደም ብሎ ጀምሮ የሠለጠኑ መዝጋቢዎች በፈረቃ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ እየቆሙ እያንዳንዱን ወሊድ ይከታተሉ፣ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ምን በስንት ሰዓት እንደተደረገለት ይጽፉ ነበር። መዝገባቸው ሲታይ የአሻንጉሊቱ ፈተና የደበቀው ነገር ወጣ። ከሥልጠናው በኋላ የአየር መተላለፊያቸው የሚጠረግላቸውም ሆነ በባግና በማስክ አየር የሚሰጣቸው ሕፃናት መጠን አልተለወጠም፤ ሕፃናትን በማሸት የማነቃቃቱ ተግባር እንዲያውም ቀንሶ ተገኘ። በአሻንጉሊቱ ላይ በብቃት የሠሩት እጆች እውነተኛው ሕፃን ፊት የቀድሞ ልማዳቸውን ይዘው ቀጥለዋል ማለት ነው። መዝጋቢዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ይህን ማንም ባላወቀም ነበር፤ እኛስ በየዓመቱ ከሰጠናቸው ሥልጠናዎች ውስጥ እንዲህ ያሉት ስንቱ እንደሆኑ በምን እናውቃለን?

ሆስፒታሉ ያደረገው ነገር የሚማርከኝ ቀላልነቱ ነው። አዲስ ማኑዋል አልተጻፈም፣ ከውጭ አዲስ አሠልጣኝ አልመጣም፣ ትምህርቱም አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. ከ2011 መጀመሪያ አንሥቶ መለማመጃው አሻንጉሊት ለአዋላጆቹ በሥራ ቦታቸው እጅ በእጅ እንዲገኝ ተደረገ፤ በየሳምንቱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በየወሩ ደግሞ ለአርባ ደቂቃ ያህል እንዲለማመዱ፣ ልምምዱንም ከመካከላቸው የተመረጡ ባልደረቦች እንዲያነቃቁት ሆነ። በተከታዩ አንድ ዓመት በማሸት የሚነቃቁት ሕፃናት መጠን ጨመረ፤ ባግና ማስክ የሚያስፈልጋቸው ቀነሱ፤ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ደግሞ ከ1,000 ውስጥ ከ11.1 ወደ 7.2 ወረደ። ጥናቱ ቀድሞንና ኋላን የሚያነጻጽር እንጂ ጎን ለጎን የሚተያይ ሆስፒታል የሌለው በመሆኑ ለውጡን ሁሉ ለልምምዱ መስጠት አይገባም። ቢሆንም በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ዓይነት ትምህርት፣ የአንድ ቀን ኮርስ ያላንቀሳቀሰው አሠራር በሳምንት የጥቂት ደቂቃ ልምምድ ሲንቀሳቀስ ማየት ሥልጠና ለሚያቅድ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

በእኛ የአብነት ትምህርት ቤት ይህ አዲስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ ይውልና የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ያርመዋል፣ ተማሪው በማግስቱም ይቆጥራል። ቅኔን በሦስት ቀን ዐውደ ጥናት አስተምሮ የተሳትፎ ሰርተፍኬት የሰጠ የኔታ አልሰማንም።

ሆኖም የሥራ ውጤት ያልመጣበት ቦታ ሁሉ መፍትሔው የተሻለ ሥልጠና ነው ማለት አይደለም። በሙያው ውስጥ የቆየች አንዲት ጥያቄ አለች፦ ይህ ሠራተኛ የራሱ ሕይወት በዚህ ሥራ ላይ የሚወሰን ቢሆን ይሠራው ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ ችግሩ ዕውቀት አይደለምና ማሠልጠን ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል አዋላጆቹ በባግና በማስክ የመጠቀም ክህሎት ይጎድላቸዋል ተብሎ የማነቃቂያ ሥልጠና ተጠይቆ ነበር። ማዋለጃ ክፍሉን ስንጎበኝ ባጉ አለ፤ ንጹሕ ነው፣ አዲስም ነው፤ ግን መስታወት በገጠመ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ነው፤ ኃላፊዋም ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ለምን እንደተቆለፈ ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ ምክንያታዊ ነበር፤ ዕቃው በስሟ የወጣ ንብረት ነው፣ ቀድሞ አንዱ ጠፍቶ ከደመወዟ እንዲቆረጥ ደብዳቤ ደርሷታል። የሌሊቷ አዋላጅ ታዲያ ምን ብትሠለጥን ነው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ባጉን የምታነሣው? ያ ሆስፒታል የሚያስፈልገው የንብረት አያያዝ ውሳኔ ነበር፤ ውሳኔውም የሚጻፈው በአንድ ገጽ ነው። የተጠየቀው ግን ለአምስት ቀን የሚሆን የሥልጠና በጀት ነበር፤ ምክንያቱም ሥልጠና መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

ጉዳዩ የሆስፒታል ብቻ እንዳይመስል አንድ የፋብሪካ ምሳሌ ልጨምር። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1940 እስከ 1945 እ.ኤ.አ.፣ ለሥራው እንግዳ የሆኑ ሠራተኞችን በፍጥነት ለማብቃት በመንግሥት ደረጃ ባካሄደችው የኢንዱስትሪ ውስጥ ሥልጠና መርሐ ግብር ዋናው መመሪያ «ሠራተኛው ካልተማረ አሠልጣኙ አላስተማረም» የሚል ነበር። ሥልጠናው ለየክፍሉ አለቆች የሚሰጥ ሲሆን፣ የአሠራር ትምህርቱ አራተኛ እርከን አሠልጣኙ ሠራተኛውን ሥራው ላይ ተመልሶ እንዲያየው ያስገድደዋል። መርሐ ግብሩ ውጤቱን የሚለካውም በምርት መጠን፣ በሚበላሽ ዕቃ፣ ሠራተኛ ለማብቃት በሚፈጅ ጊዜና በሠራተኛ ቅሬታ ብዛት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻግሮ ዛሬ ካይዘን ብለን ለምንጠራው፣ ሥራን በጥቂት በጥቂቱ ሳያቋርጡ የማሻሻል አሠራር አንዱ ምንጭ ሆኗል፤ በጃፓን ድጋፍ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቋቋም ወደ ፋብሪካዎቻችን የገባው አስተሳሰብ የዘር ሐረጉ እስከዚያ ይደርሳል። ካይዘን በደንብ በተያዘበት ፋብሪካ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው የብልሽት መጠንና ዕቃ ለመፈለግ የሚባክነው ጊዜ ነው። በደንብ ባልተያዘበት ግን ሰሌዳው የሠለጠኑ ሰዎች ስም ዝርዝር ይሆናል።

አሁን ብዙዎቻችን በይፋ ወደማንናገርበት ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ውሎ አበል። ደመወዝ የወር አስቤዛ በማይሸፍንበት ሁኔታ ለአንድ ነርስ ወይም ለአንድ የቢሮ ባለሙያ የአምስት ቀን አበል የቤት ኪራይ ማሟያ ነው፤ በዚህ ሰውን መውቀስ አይገባም። የሚያስከትለውን ነገር ግን ማየት ይገባል። አንደኛ፣ ወደ ሥልጠና የሚላከው ሥራው የሚመለከተው ሰው መሆኑ ቀርቶ ተራው የደረሰው ሰው ይሆናል፤ የማዋለጃ ክፍል ሥልጠና የወሰደ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ የግዥ ሥልጠና የወሰደ ጡረታ ሊወጣ ወራት የቀረው ባለሙያ ማግኘት አያስቸግርም። ሁለተኛ፣ በሥራ ቦታ የሚሰጥ የጥቂት ደቂቃ ልምምድ አበል የለውምና ጠላት ያፈራል፤ ሠልጣኙም፣ አሠልጣኙም፣ አስተባባሪውም በሆቴሉ ይጠቀማሉ። አበልን በአንድ ሰርኩላር ማገድ የሚፈታው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ሰውን ከኪሱ አጉድሎ በጎ ፈቃዱን መጠየቅ ነው። የሚሻለው ምርጫውን ከተራ ማላቀቅ ነው፤ የሚሄደውን ሰው ስም የሚጽፈው ለውጤቱ የሚጠየቀው የሥራ ክፍል ኃላፊ ብቻ ይሁን፤ ከበጀቱም የተወሰነው በሥራ ቦታ ልምምዱን ለሚመሩ ባልደረቦች ጭማሪ ክፍያ ይዋል።

የኃላፊው ነገር የክርክሬ እምብርት ነው። በየመድረኩ ስለ ተጠያቂነት ሲወራ ጣት የሚቀሰረው ወይ ወደ ሠልጣኙ ነው፣ «ሠልጥኖ ለምን አልሠራም?»፣ ወይ ወደ አሠልጣኙ፣ «ምን ሲያስተምር ነው?»። የቅርብ አለቃው ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል። ሆኖም ሠልጣኙ አዲሱን አሠራር ልሞክር ሲል «እሱን እዚያው ተወው፣ እኛ እዚህ የምንሠራው እንዲህ ነው» የሚለውም ሆነ ሰዓትና ዕቃ የሚያመቻችለት እሱ ነው። ስለዚህ ከሥልጠና በፊት አንድ ገጽ ስምምነት እንዲፈረም እሻለሁ። በገጹ ላይ የሚለወጠው ውጤት ስም፣ ቁጥሩ የሚገኝበት መዝገብ፣ የዛሬው መጠን፣ የሚታይበት ቀን፣ ኃላፊው የሚያሟላው ዕቃና ሰዓት፣ አሠልጣኙም ሠልጣኞቹን ሥራ ቦታቸው ድረስ መጥቶ የሚያይባቸው ቀናት ይሰፍራሉ። ይህን ወረቀት ለመፈረም የሚያመነታ ኃላፊ ያጋጥማል፤ ማመንታቱም ሥልጠናው በእርግጥ እንደማይፈለግ የሚያሳይ በመሆኑ የበጀት ቁጠባ ነው።

ቁጥር ተጠያቂነት ሲያመጣ ቁጥርን የማሳመር ፈተናም አብሮ ይመጣል፤ ይህን የዘነጋ ሥርዓት ከቀድሞው የባሰ ነው። የሕፃናት ሞት ይቀንስ የተባለ ሆስፒታል በሕይወት ተወልዶ ወዲያው የሞተን ሕፃን «ሞቶ የተወለደ» ብሎ መመዝገብ ይችላል፤ ሰንጠረዡ ያምራል፣ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። በታንዛንያ ስምንት ሆስፒታሎች ላይ ያው «ሔልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» ሥልጠና ተዘርግቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ሲታተም ጥሩው ነገር ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን መቅረባቸው ነበር፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚከሰተው ሞት በ47 በመቶ ሲቀንስ፣ በወሊድ ሰዓት ገደማ ሞተው ተወለዱ የተባሉት ሕፃናትም በ24 በመቶ ቀንሰዋል። አንዱ ወርዶ ሌላው ቢወጣ ኖሮ ሥራው መዝገብ ላይ ብቻ እንደተሠራ እንጠረጥር ነበር። በባንክ መስኮት የወረፋ ጊዜ ሲለካ የስሕተትን ብዛት፣ በፋብሪካ የምርት መጠን ሲለካ የብልሽቱን ብዛት አጣምሮ መያዝ ከዚህ አይለይም።

ለውጡ የሥልጠናው ነው ወይስ የሌላ ነገር የሚለውን ለመለየትም ውስብስብ ስታቲስቲክስ አያስፈልግም። ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ሳምንት ከማሠልጠን ይልቅ ተራ በተራ መጀመር በቂ ነው፤ ገና ያልሠለጠነው ክፍል ለሠለጠነው ማነጻጸሪያ ይሆነዋል። አቅም ስለማይበቃ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሠልጠን ድሮም አንችልም፤ ስለዚህ የሚጠበቅብን ቅደም ተከተሉን በዕጣ አውጥቶ ቀኖቹን መመዝገብ ነው። ከዚያም በጣም የተለወጠውንና ፈጽሞ ያልተለወጠውን ክፍል መርጦ ሄዶ መጠየቅ ከመቶ መጠይቅ የበለጠ ያስተምራል።

ለዚህ ሁሉ የሚነሣው ተቃውሞ ወጪ ነው፤ በየማዋለጃ ክፍሉ በፈረቃ መዝጋቢ ማቆም ለጥናት እንጂ ለዘወትር ሥራ አይሆንም ይባላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ግን ሃያ አራት ሰዓት መቆም ግዴታ አይደለም፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑም እየተቀያየረ፣ አንዳንዴም ሌሊት፣ ከሌላ ክፍል የመጣ አንድ ባለሙያ የእጅ ሰዓትና አንድ ገጽ ቅጽ ይዞ የሚመዘግበው ይበቃል። ለሃምሳ ሰው የአምስት ቀን የሆቴል ሥልጠና የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ሆስፒታል ይህን ዓይነት ምዝገባ ለረጅም ጊዜ ይሸፍናል። በመጪው የበጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ እኔ ያስገባሁት ሐሳብ ከሥልጠና በጀቱ አንድ አሥረኛው ለዚህ ክትትል እንዲያዝ ነው፤ ሥልጠናዎቹ በቁጥር ያንሳሉ፣ የሪፖርቱ መቶኛም ይወርዳል፣ ስለዚህም ሐሳቡ ገና በውይይት ላይ ነው።